አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ የዋንጫው ደጅና የዋንጫው ገንዘብ

ከአንኮበር ተነሥቶ ገደሉን ቍልቍል የሚወርድ መንገደኛ፣ የደጋው ብርድ ለቆት የይፋት ቆላ ሙቀት ፊቱን መምታት ሲጀምር አሊዩ አምባን ያገኛል። ከተማይቱ ዛሬ ትንሽ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች። ከሐረርና ከታጁራ የመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፈው፣ የንጉሡ ሹም ቀረጡን የሚቀበለው፣ ጨውና ቡና፣ ጨርቅና የዝሆን ጥርስ የሚለዋወጠው፣ ለመናገርም ቢያሳፍር ሰው እንደ ዕቃ የሚሸጠው በዚችው ከተማና በአካባቢዋ ነበር። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና የሐረሩ ሰው በዓርብ ገበያዋ ይገናኙ ነበር።

በቅርቡ አንድ ዓርብ ቀን ወደዚያ ወርጄ ሳለሁ፣ ከገበያው በታች ባለ ጠፍ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሰዉ የመጣው ኳስ ለማየት ነበር፤ ነገር ግን ጨዋታው ቆሞ ክርክር ተይዟል። የሁለት ሰፈር ልጆች እኩል ገንዘብ አዋጥተው፣ ለአሸናፊው እንዲሰጥ በአንድ ባለሱቅ እጅ አስቀምጠዋል። አንደኛው ወገን ግን ከሸዋ ሮቢት ድረስ አንድ ፈጣን ልጅ አስመጥቶ በአጥቂነት አሰልፎ ስለ ተገኘ፣ ሌላው ወገን ይህ ልጅ የሰፈሩ ሰው አይደለምና ይውጣ ይላል። አስመጪዎቹ ደግሞ ከውጭ ሰው አይምጣ የሚል ሕግ መቼ ተጻፈ ብለው ይመልሳሉ። ባለሱቁ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ዝም ብሏል። ነገር የተነሣበት ልጅ ደግሞ ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጉዳዩ የሌላ ሰው ይመስል፣ ወደ ተራራው ይመለከታል።

ማን ይጫወት፣ ሕጉን ማን ይጻፍ፣ ገንዘቡስ በማን እጅ ይቆይ የሚለው ይህ የሜዳ ዳር ክርክር በዓለም ላይ ያሉት ታላላቅ የስፖርት ማኅበሮች ከሚከራከሩበት ነገር በመጠን እንጂ በዓይነት አይለይም። ይህንኑ ክርክር በአፍሪካ ስፋት ይዘው ዕድሜያቸውን የፈጁበት አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ እርሳቸውም አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ስማቸውን ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ሥራቸውን የሚያውቀው ግን ስማቸውን ከሚያውቀው በጣም ያነሰ ስለ መሰለኝ በዛሬው እሑድ የሕይወታቸውን ታሪክ ላወጋችሁ አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በመሰንቆአቸው በመላው አገር የታወቁ ሰው ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳለ ዜማቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው እንደ ሆኑ ይነገርላቸዋል። የአባትየው ድምፅ በሸክላ ታትሞ ገበያ የወጣ ሲሆን፣ ልጅየው ደግሞ ጨዋታ የገበያ ዕቃ እንዳይሆን ሲከራከሩ መኖራቸው የሚያስገርም ነው። ነገር ግን በአባትና በልጅ መካከል እንዲህ ያለው ነገር ያጋጥማል።

ይድነቃቸው ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በአራዳ አካባቢ የቅዱስ ጊዮርጊስ የኳስ ክለብ ተቋቋመ። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ነበሩ፤ አንዱ ኢትዮጵያዊ ሁለተኛው የግሪክ ተወላጅ ነው። ይድነቃቸውም ወዲያው ገቡበት። ክለቡ ስድስት ወር ሳይሞላው የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ስለዚህ ዘመን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የአርበኞቹ ገድል ነው፤ ተገቢም ነው። ሆኖም በከተማው ውስጥ በኳስ ሜዳ ላይ የተፈጸመው ነገርም ሊታወስ ይገባዋል። ጣልያኖች ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ ላይ እንዳይጋጠሙ ከለከሉ። ለአገሬው ሰው የተለየ የስፖርት ጽሕፈት ቤት አቆሙ፤ የተለየም ውድድር አደረጉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ተፍቆ ክለቡ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሊቶሪዮ ማለት የፋሽስቶች ምልክት የሆነው የበትር እስር የወጣበት ቃል ነው፤ የውቤ በረሃ ልጆች ያን ስም ተሸክመው ይጫወቱ ዘንድ ተገደዱ። አንድ ወጣት ከአሥራ አምስት ዓመቱ እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ፣ ማለት ሰው አሳቡ በሚጠነክርበት ዕድሜ፣ የውድድሩን ደጅ የያዘው ሰው ሕጉንም ስሙንም እንደ ልቡ ሊያደርግ እንደሚችል በየሳምንቱ ሜዳ ላይ እያየ አደገ። የኋለኛው የአቶ ይድነቃቸው ሕይወት ሁሉ ለዚያ ለአምስቱ ዓመት የተሰጠ መልስ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከነፃነት በኋላ የመጀመሪያ ሥራቸው ያንን የጠላት ስም አስወግዶ ክለቡን ወደ ቀድሞ ስሙ መመለስ፣ ቀጥሎም ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ኢትዮጵያውያን የሚያዙበት የስፖርት ጽሕፈት ቤት ማቋቋም ነበር። የኳሱም ሕግ በአማርኛ ተዘጋጀ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ ለጣልያኖች፣ አራራት ለአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ ለግሪኮች ሲሆኑ፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ኢትዮጵያዊውን በሜዳቸው ላይ አናስደርስም ይሉ የነበሩት ጣልያኖች ግን በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ባዘጋጁት ውድድር ውስጥ እንደ ማንኛውም ቡድን ተመዝግበው ተጫወቱ። ማንም ከደጅ አልተመለሰም።

ከዚህ ጋር እርሳቸው ራሳቸው መጫወታቸውን አልተዉም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሃያ ሦስት ዓመት ተጫውተው በ365 ግጥሚያ 318 ግብ እንዳገቡ ተመዝግቧል፤ ለብሔራዊውም ቡድን 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የዛሬ ወጣት ሹሞች ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር ቢኖር፣ ይህ ሰው ጠዋት በጽሕፈት ቤት የማኅበሩን ደንብ ሲያረቁ ውለው ከሰዓት በኋላ ያንኑ ደንብ ለብሰው ሜዳ የሚገቡ ሰው እንደ ነበሩ ነው። ደንቡ የት ላይ እንደሚጠብ በእግራቸው ያውቁት ነበር።

አሁን ከአዲስ አበባ ወደ ካርቱም እንሻገር። በሰኔ ወር 1948 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፣ ማለት ፊፋ፣ በሊዝበን ጉባዔ ባደረገ ጊዜ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች አፍሪካ የራሷ የኳስ ማኅበር ይኑራት የሚል አሳብ አንሥተው ነበር። በየካቲት 1949 ዓ.ም. አሳቡ በካርቱም ሲፈጸም ኢትዮጵያም አራተኛ መሥራች ሆና ገባች፤ መልእክተኛዋም አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በመተዳደሪያው ደንብ መጻፍም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በዚያ ጊዜ ነፃነቱን የያዘው የአፍሪካ አገር በጣት የሚቈጠር ስለ ነበር አራት አገሮች ተሰብስበው የአፍሪካ ማኅበር ነን ማለታቸው ለአንዳንዱ ሰው ሳቅ ሳያመጣ አልቀረም። ዛሬ የማኅበሩ አባሎች ከሃምሳ በላይ ናቸው።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው በካርቱም እንዲደረግ ተወስኖ፣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ግብፅ ከሱዳን ይጋጠሙ ዘንድ ዕጣ ወጣ። ደቡብ አፍሪካ ግን በዘር ከፋፍላ፣ ነጭ ብቻ ወይም ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተደባለቀ አልክም አለች። ጉባዔው አልተቀበላትም። ስለዚህ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። ክፉ ተናጋሪ ቢኖር አቶ ይድነቃቸው ለመርሕ ቆምሁ ብለው ለቡድናቸው መንገድ ጠረጉለት ሊል ይችል ነበር። በፍጻሜው ግን ግብፅ አራት ለባዶ አሸነፈችንና ሐሜቱ ቦታ አጣ። አራቱንም ግብ ያገባው አንድ ሰው፣ አድዲባ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ተደረገ። በዚህ ጊዜ አቶ ይድነቃቸው አሠልጣኝ ናቸው። የቡድኑ አምበል የአሥመራው ሉቻኖ ቫሳሎ ሲሆን ወንድሙ ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አብረውት ነበሩ። አባታቸው ጣልያናዊ የሆኑት ሁለቱ ወንድማማች በኢትዮጵያ ልብስ፣ ከዚያውም አንዱ በአምበልነት መሰለፋቸውን ስመለከት፣ አሠልጣኙ ያደጉበትን የተከፋፈለ ሜዳ ሳላስብ አላልፍም። ቱኒዚያን አራት ለሁለት አሸንፈው፣ እሑድ ጥር 13 ቀን ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረቡ። የእኛ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡና ጨዋታው አራት ለሁለት አለቀ። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእጃቸው ለሉቻኖ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ያ ዋንጫ በኢትዮጵያ እጅ አልገባም።

እስካሁን ያወራሁት ብዙ ሰው በከፊልም ቢሆን የሚያውቀውን ነው። አሁን ወደሚበልጠው ነገር ልግባ።

በ1956 ዓ.ም. ፊፋ ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ቦታዎችን አከፋፈለ። ቦታው በጠቅላላው 16 ነው። ከዚህ ውስጥ አዘጋጇን ጨምሮ ለአውሮፓ 10፣ ለደቡብ አሜሪካ 4፣ ለሰሜንና ለመካከለኛው አሜሪካ 1 ተሰጠ። የቀረችውን አንዲት ቦታ አፍሪካ፣ እስያና ኦሲያንያ ይሻሙባት ተባለ። ይህ ማለት በአፍሪካ ውስጥ ሁሉን ያሸነፈ ቡድን እንደ ገና ከእስያው አሸናፊ ጋር መጋጠም ነበረበት። በነዚያው ዓመታት የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን እየያዙ በየወሩ አዲስ ሰንደቅ ዓላማ በተባበሩት መንግሥታት ፊት ሲሰቀል፣ በኳስ ዓለም ግን ሦስት ክፍለ ዓለም አንድ ወንበር ተሰጠው።

የጋናው የስፖርት ሹም ኦሄኔ ጃንና የእኛው አቶ ይድነቃቸው ተቃውሞውን በግንባር መሩት። ቢያንስ ለአፍሪካ አንድ የራሷ ቦታ ካልተሰጣት በውድድሩ አንገባም ተባለ። ፊፋ አሳቡን አልለወጠም፤ የተመዘገቡት የአፍሪካ ማኅበሮችም በሙሉ ወጡ። ፊፋ የገንዘብ መቀጫ ጣለባቸው። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ውሳኔ ቀላል እንዳይመስልህ። የጋና ቡድን በዚያ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ ባለቤት ነበር፤ ተጫዋቾቹም ጉልበታቸው በሞላበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። የኳስ ተጫዋች ዕድሜ አጭር ናትና ብዙዎቹ ሌላ የዓለም ዋንጫ ሳያዩ ጫማቸውን ሰቀሉ። ለመርሕ ሲባል የሚከፈለውን ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው መርሑን ያወጀው ሰው አይደለም።

በ1958 ዓ.ም. ውድድሩ ሲደረግ አንዲቱን ቦታ ሰሜን ኮሪያ ወሰደች። አፍሪካ በቡድን አልነበረችም፤ በሰው ግን ነበረች። በዚያ ዋንጫ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ግብ፣ ማለት ዘጠኝ፣ ያገባው በሞዛምቢክ ተወልዶ ያደገው ኢዩዜቢዮ ነበር፤ የለበሰው ግን የፖርቱጋልን ልብስ ነው። ደጁ ለአፍሪካ ተዘግቶ የአፍሪካ ልጅ ግን በሌላ ደጅ ገብቶ አዳራሹን ሞላው። አቶ ይድነቃቸው ይህን ነገር እስከ ሞቱ ድረስ የረሱት አይመስለኝም።

ተቃውሞው ፍሬ አፈራ። ለ1962ቱ ዋንጫ አፍሪካ አንድ የራሷ ቦታ ተሰጣትና ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች። አቶ ይድነቃቸውም በፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ገቡ፤ በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በዚያው ዘመን የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. ለፊፋ ፕሬዚዳንትነት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስና ብራዚላዊው ዦአዎ አቬላንዥ በተወዳደሩ ጊዜ የአፍሪካ ድምፅ ክብደት ነበረው። አቬላንዥ ዋንጫውን ከ16 ወደ 24 ቡድን አሰፋለሁ ብለው ተስፋ ሰጥተው ነበርና አሸነፉ። ዘርን የሚለየው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት የኳስ ማኅበርም በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ከፊፋ ተባረረ፤ ካርቱም ላይ በአራት ሰዎች መካከል የተጀመረው ነገር በዓለም ጉባዔ ተፈጸመ። በ1974ቱ የስፔን ዋንጫ አፍሪካ በሁለት ቡድን፣ በአልጄሪያና በካሜሩን ቀረበች።

ነገር ግን በዚሁ በአቬላንዥ በር ሌላ እንግዳም አብሮ ገባ። ለስላሳ መጠጥ የሚሸጠው፣ የስፖርት ጫማ የሚሠራው ኩባንያ ማስታወቂያውን ይዞ ከውድድሩ ጋር ተዋዋለ፤ ቴሌቪዥኑም ገንዘቡን አመጣ። የመቀመጫው ቍጥር የበዛው በአንድ በኩል የአፍሪካ ክርክር ስላሸነፈ፣ በሌላ በኩል ብዙ ቡድን ማለት ብዙ ጨዋታ፣ ብዙ ጨዋታም ማለት ብዙ ገንዘብ ስለ ሆነ ነው። አቶ ይድነቃቸው የመጀመሪያውን ሲፈልጉ ሁለተኛውን ይጠሉ ነበር። ሁለቱ ግን በአንድ በቅሎ ላይ ተጭነው መጡ።

እርሳቸው ያደጉት ተጫዋች ለክለቡ ፍቅር በሚጫወትበት ዘመን ስለ ነበር፣ ስፖርት ወደ ንግድ ማዘንበሉ አጥብቆ ያሳስባቸው ነበር። በተለይ ያስጨነቃቸው የተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ነው። በዚህም ምክንያት ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከአህጉሩ ውጭ ከሚጫወቱት ልጆቹ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ሕግ ጸና። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ በአገር ውስጥ የቀረው ተጫዋች ተስፋ እንዲኖረውና ውድድሩ በአፍሪካ ሜዳ ያደጉ ልጆች ውድድር ሆኖ እንዲቆይ ነው።

በዚህ ሕግ ላይ ግን ከታላቁ ሰው ጋር አልስማማም። ማሊያዊው ሳሊፍ ኬይታ በ1960 ዓ.ም. ከአገሩ በስውር ወጥቶ ፓሪስ ሲደርስ ተቀባይ ስላላገኘ ታክሲ ተሳፍሮ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደሚጠብቀው ክለብ ወደ ሴንት ኤትየን ገባ፤ የታክሲውንም ዋጋ ክለቡ ከፈለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ በመመረጥ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። የድሃ ልጅ እግር እርሻው ናት። በአገሩ ያለው ማኅበር የዕለት እንጀራውን ሳይችልለት ወደ ውጭ ስለ ሄድህ ለአገርህ አትጫወትም ቢባል፣ ቅጣቱ የሚያርፈው በገዢው ክለብ ላይ ሳይሆን በልጁ ላይ ነው። ሕጉ ፍልሰቱን አላቆመውም፤ በ1974 ዓ.ም. ተሻረ። አቶ ይድነቃቸው በሽታውን ከሁሉ ቀድመው አዩት፤ መድኃኒታቸው ግን የተሰጠው ለታመመው ሳይሆን ለታማሚው ወንድም ነበር።

ይህን ካልሁ በኋላ ፍርዴ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ልጨምር የሚገባኝ አለ። ፕሬዚዳንቱ በሕይወት ሳሉ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ውድድር በስምንት ቡድን ብቻ የሚደረግ፣ ገንዘቡ ጥቂት፣ አንዳንድ ጊዜም ሜዳው የማይመች ነበር። ነገር ግን መቼ እንደሚደረግ የሚወስነው የአፍሪካ ጉባዔ እንጂ ሌላ ሰው አልነበረም።

አቶ ይድነቃቸው በካንሰር ታመው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ ዐረፉ። የልደታቸው ቀን የሆነው ዘመን መለወጫ ሊደርስ የቀረው ከአንድ ወር ያነሰ ነበር፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ይሞላቸው ነበር። በተከታዩ ዓመት ካዛብላንካ ላይ ካሜሩናዊው ኢሳ ሀያቱ ተመርጠው ሃያ ዘጠኝ ዓመት በወንበሩ ላይ ቆዩ።

ከእርሳቸው በኋላ የሆነው ሁሉ ብዙ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። የአፍሪካ ዋንጫ በ1984 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ቡድን፣ በ1988 ዓ.ም. አሥራ ስድስት፣ በ2011 ዓ.ም. ሃያ አራት ቡድን ሆነ። በ2008 ዓ.ም. አንድ የፈረንሳይ የነዳጅ ኩባንያ ስሙን በዋንጫው ላይ ለማኖር ለስምንት ዓመት 250 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተዋዋለ። በ2018 ዓ.ም. በሞሮኮ ለተደረገው ውድድር ለአሸናፊው የተመደበው ሽልማት 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ውድድር ዋዜማ ደግሞ ኮንፌዴሬሽኑ፣ ከ2020ው ዋንጫ ወዲህ ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየአራት ዓመቱ እንደሚሆን አስታወቀ። ብዙ ሰዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ተጫዋቾቹን በደመወዝ የያዙት የአውሮፓ ክለቦች በጥርና በታኅሣሥ ልጆቻቸውን መልቀቅ መሰልቸታቸው ነው። ለዓለም ዋንጫም አፍሪካ በ1958 ያጣችው አንድ ቦታ ለ2018ቱ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ ሆነ። ወንበሩ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ፤ የጊዜው መወሰኛ ግን ከእጅ እየወጣ ነው።

ነገሩ የአፍሪካና የእግር ኳስ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ውድድር በ1931 ዓ.ም. በስምንት ቡድን ሲጀመር ማንም ትርፍ አገኝበታለሁ አላለም። ከጊዜ በኋላ ቡድኑ ስልሳ ስምንት፣ ለቴሌቪዥን የሚከፈለው ገንዘብ በዓመት በአማካይ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ገንዘቡ የሚከፋፈለው ዩኒቨርሲቲዎቹ በጉርብትና ተሰባስበው ባቋቋሟቸው ማኅበሮች በኩል ስለ ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ የተሻለ ወደሚከፍለው ማኅበር መፍለስ ጀመሩ። በምዕራቡ ዳርቻ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አንድ ማኅበር ከአሥራ ሁለት አባሎቹ አሥሩ በ2016 ዓ.ም. ጥለውት ሄዱ። የሎስ አንጀለስ ተማሪ ለማኅበሩ ጨዋታ አህጉሩን ሙሉ አቋርጦ ኒው ጀርሲ የሚሄድበት ጊዜ መጣ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ዳኛ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከገቢያቸው ለተጫዋቾቹ በቀጥታ እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን ስምምነት አጸደቁ። ተማሪው ለብዙ ዘመን በነፃ ሲጫወት የሌላውን ሰው ካዝና ይሞላ ነበርና ይህ መልካም ነው እላለሁ። ጎረቤቱን ያጣው ታናሽ ዩኒቨርሲቲ ግን ከማን ጋር እንደሚጫወት ገና አላወቀም። የአፍሪካም የቅርጫት ኳስ ሊግ በ2013 ዓ.ም. በኪጋሊ ሲከፈት የአሜሪካው የባለሙያዎች ማኅበር እጅ ነበረበት። ደንቡን ማን እንደሚጽፈው መከታተል የእኛ የወጣቶቹ ፈንታ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አሊዩ አምባ ያነሣሁት ለወሬ ማሟያ ብቻ አልነበረም። ይህች ከተማ የገበያዋ ጌታ ሆና የኖረችው መንገዱ በእርስዋ በኩል ስለሚያልፍ ነበር። ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ በኋላም የምድር ባቡር ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል ሲመጣ መንገዱ ዞረ፤ ነጋዴውም መንገዱን ተከተለ። አሊዩ አምባ ምንም አላጠፋችም። የኢትዮጵያም ኳስ እንደዚሁ ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ እኛ ብዙ አጥፍተናል። በ1949 ከአራቱ መሥራቾች አንዷ የነበረች አገር ከ1974ቱ ውድድር በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀባት፤ በ2005 እና በ2014 ብቅ ብላ፣ ከዚያ ወዲህ በተደረጉት በሁለቱ ውድድሮች እንደ ገና ጠፋች።

በአሊዩ አምባው ሜዳ ላይ የነበረው ክርክር ያለቀው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አንድ ሽማግሌ ገብተው፣ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ይጫወት፣ ሌላውም ወገን በምትኩ አንድ ሰው ከውጭ ያግባ ብለው ፈረዱ። የአቶ ይድነቃቸውን ሕግ ሳያውቁት ግማሹን አወጡት። ሁለተኛው ወገን ከውጭ የሚያመጣው ሰው ስላልነበረው ለዕረፍት ከደብረ ብርሃን የመጣ አንድ ተማሪ ከተመልካቹ መካከል ጎትቶ አስገባ፤ ልጁ ጫማ ስላልነበረው የበረኛውን ወንድም ጫማ አጠለቀ። ጨዋታው ሁለት ለሁለት አለቀና ገንዘቡ ለሚመጣው ዓርብ በባለሱቁ ኪስ ዐደረ።